ያውቁ ኖሯል? ላም ስታገሳ የሚወጣው መኖ ነው

ከሞጆ ተነስቶ ወደ መቂና ባቱ የሚጓዝ መንገደኛ ቆቃ ሲደርስ ዐይኑ የሚያርፈው ሐይቁ ላይ ነው፤ ካልሆነም መንገድ ዳር በተደረደረው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ወይም ዓሣ አንጠልጥለው መኪና በሚከተሉት ልጆች ላይ። ከግራር ሥር ተኝተው የሚያመሰኩትን ላሞች ልብ የሚል ጥቂት ነው። የዛሬው አምድ ስለ እነሱ ነው፦ ከአፋቸው ስለሚወጣው የማይታይ ጋዝ፣ ስለሚሰጡን ወተት፣ በሁለቱ መካከል ስላለውም ሒሳብ።

ያውቁ ኖሯል? ላም የምትለቀው ሚቴን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከኋላዋ የሚወጣ አይደለም። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በግሳትና በትንፋሽ፣ በአፏና በአፍንጫዋ በኩል ነው የሚወጣው።

ጋዙ የሚሠራበትን ቦታ በእጅዎ ሊዳስሱት ይችላሉ። ላሟ ከበላች በኋላ በግራ ጎኗ ይቁሙ። ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌዋ አጥንት መካከል አንዲት ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች። ጡጫዎን እዚያ ላይ ያሳርፉና ጥቂት ይታገሱ። ከውስጥ አንድ ነገር ቀስ ብሎ እጅዎን ገፍቶ ይመለሳል። ትልቁ ጨጓራዋ መኖውን ሲያማስል ነው። ጤነኛ ላም ላይ ይህ በደቂቃ አንዴ ወይም ሁለቴ ይደጋገማል፤ የእንስሳት ሐኪሞችም የላሟን ጤንነት ከሚያውቁባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ከዚያ አንገቷን ዘርጋ ታደርግና ታገሳለች። በዚያች ቅጽበት ሚቴኑ ወጣ።

ጋዙን የምትሠራው ላሟ ራሷ አይደለችም። ዱለት የሚሠራበት ያ ጨጓራ በሕይወት ሳለ አየር የማይገባው ትልቅ የመፍያ ጋን ነው፤ በትልልቅ ላሞች ከ150 ሊትር በላይ ይይዛል። ውስጡ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ጥቃቅን ተሕዋስያን ይኖራሉ። እኛ ልንፈጨው የማንችለውን ገለባ እነሱ ያፈርሱታል። ሲያፈርሱት ሃይድሮጅን ይተርፋል፤ ሌሎች ተሕዋስያን ደግሞ ያንን ሃይድሮጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋህደው ሚቴን ያደርጉታል። ጋዙ መውጫ ካጣ ላሟ ትነፋለች፣ ካልተደረሰላትም ትሞታለች። ስለዚህ ማግሳት ለእሷ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ወተት ብቻ የሚጠባ እንቦሳ ሚቴን አያወጣም ማለት ይቻላል። የጠባው ወተት ትልቁን ጨጓራ አልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ክፍል ይገባል። ሣር መንጨት ሲጀምር ጋዙም አብሮ ይጀምራል።

ያውቁ ኖሯል? ሚቴን አየር ላይ የሚቆየው ወደ 12 ዓመት ብቻ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከፊሉ ለብዙ መቶ ዓመታት ይቆያል። ሆኖም በመቶ ዓመት ሒሳብ ሲለካ አንድ ኪሎ ሚቴን ከአንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 27 እጥፍ የበለጠ ያሞቃል፤ በ20 ዓመት ሒሳብ ሲሆን ወደ 80 እጥፍ ይጠጋል። በመሆኑም ዛሬ ሚቴን ከተቀነሰ ውጤቱን ልጆቻችን ብቻ ሳይሆኑ እኛም በዕድሜያችን እናየዋለን።

ለገበሬው ከሰማዩ ይልቅ የሚቀርበው ነገር ግን ይኸኛው ነው፦ ላም ከምትበላው መኖ ጉልበት ውስጥ እንደ መኖው ጥራት ከ2 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው ሚቴን ሆኖ ይወጣል። ሥጋም ወተትም አልሆነም። የአየር ንብረት ለውጥ ባለሙያዎች የበይነ መንግሥታት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው የስሌት መመሪያ አንዲት የአፍሪካ የወተት ላም በዓመት 46 ኪሎ ያህል ሚቴን ታወጣለች ተብሎ ተገምቷል። ያ ጋዝ ቢነድድ ከ80 ኪሎ በላይ ከሰል የሚሰጠውን ሙቀት ይሰጥ ነበር። በዚህ መንገድ ዳር የግራር ከሰል ጆንያ ተደርድሮ ያየ ሰው መጠኑን ለመገመት አይቸገርም። በየዓመቱ ከእያንዳንዷ ላም ይህን ያህል የመኖ ጉልበት ነው ወደ ሰማይ የሚሄደው።

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ እንግባ።

በዚያው መመሪያ የሰሜን አሜሪካ የወተት ላም በዓመት 128 ኪሎ ሚቴን ታወጣለች ይላል። ከእኛዋ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው። እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው «ጥፋቱ የፈረንጅ ላም ነው» ብሎ ይሄዳል። ግን ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ይመልከቱ፦ የአሜሪካዋ ላም በዓመት 8400 ኪሎ ወተት ስትሰጥ የአፍሪካዋ የምትሰጠው 475 ኪሎ ነው። ያካፍሉት። ለአንድ ኪሎ ወተት የአሜሪካዋ 15 ግራም ሚቴን ስታወጣ የአፍሪካዋ 97 ግራም ታወጣለች። ከስድስት እጥፍ በላይ።

የእኛ የሐበሻ ላም ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው የምትሰጠው። የማዕከላዊ ስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት የናሙና ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳሳዩት አንዲት ላም በአማካይ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ትታለባለች፣ ያውም ለስድስት ወር ያህል ብቻ። ከዚያ ትነጥፋለች። ጊደር የመጀመሪያ ጥጃዋን ለመውለድ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ትበላለች፣ ታመሰኳለች፣ ታገሳለች፤ ጠብታ ወተት ግን የለም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለችው ላም የተነገረ ይመስላል።

ያውቁ ኖሯል? የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ኢትዮጵያ የወተት ላሞች ባወጣው ጥናት አንድ ኪሎ ወተት በአገር አቀፍ አማካይ 24.5 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያህል ሙቀት አማቂ ጋዝ ይዞ እንደሚመጣ አስልቷል። የዓለም አማካይ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ልዩነቱ በአገር ውስጥም ሰፊ ነው፦ ከብትና እርሻን አጣምሮ በያዘው ገጠር ከ44 ኪሎ በላይ ሲሆን በመካከለኛ የወተት ልማት ድርጅቶች ወደ 3.8 ኪሎ ይወርዳል።

ይህን ወደ ብርጭቆ እንመልሰው። ሩብ ሊትር ወተት በአገራችን አማካይ ከተሰላ የሚሸከመው ጋዝ ከሁለት ሊትር ተኩል ቤንዚን ጭስ ጋር ይስተካከላል። ያው ብርጭቆ አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ዳር ካለ በደንብ ከተያዘ በረት የመጣ ከሆነ ግማሽ ሊትር ቤንዚን አይሞላም። ወተቱ ያው ወተት ነው፤ የላሟ አያያዝ ነው የተለየው።

ይሁንና ስለ ገጠሯ ላም ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ሒሳቡ ጋዙን በአብዛኛው ወተቷ ላይ ይጭነዋል። እሷ ግን የበሬ እናት ናት፤ ማሳውን የሚያርሰው፣ አውድማውን የሚወቃው የእሷ ልጅ ነው። እበቷ ማገዶና ፍግ ነው። ልጅ ሲታመም፣ ሠርግ ሲደርስ፣ ዝናብ ሲቀር ተሸጣ ቤት የምትታደግ የገበሬው ባንክ ናት። ይህን ሁሉ ሳይቆጥሩ «ጋዝ አመንጪ» ብሎ መፈረጅ ትክክል አይደለም። የኔ እምነት ይህ ነው፦ ላሟ አልበደለችም። የተበደለችው እሷ ናት፤ ሳትጠግብ ነው የምትኖረው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አገሪቱ በ2010 ከለቀቀችው 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ጋዝ ውስጥ 65 ሚሊዮኑ ከእንስሳት የመጣ መሆኑን ይናገራል። ከፋብሪካም፣ ከመኪናም፣ ከኤሌክትሪክ ማመንጫም በላይ ነው። ስትራቴጂው ካሰባቸው መፍትሔዎች መካከል የላሞችን ምርታማነት ማሳደግ፣ የዶሮ ሥጋ ድርሻን ከፍ ማድረግና የበሬን ጉልበት በከፊል በማሽን መተካት ይገኙበታል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም ወተትን ከዶሮ፣ ከእንቁላልና ከማር ጋር ከፊት አሰልፎታል።

መኖው ከየት ይምጣ? ያውቁ ኖሯል፣ የቆቃ ሰው ጥሩ መኖ በቅርብ ርቀት ከሚያገኙት ወገን ነው። በሉሜና በአድአ የሚወቃው ጤፍ ጭዱን ይሰጣል። የአዳማ ዱቄት ፋብሪካዎች ፉርሽካ ያወጣሉ። ከዘይት መጭመቂያዎች የኑግ ፋጉሎ ይገኛል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካም ሞላሰስና የሸንኮራ ጫፍ አለው።

ጭድ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ግት አይሞላም። በጨጓራ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚፈርስ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ብዙ ጋዝም ያወጣል። ጭዱ ላይ ፉርሽካና ፋጉሎ ሲጨመርበት ግን ተሕዋስያኑ የሚሹትን ናይትሮጅን ያገኛሉ፣ መኖው ቶሎ ይፈርሳል፣ ወተቱ ይጨምራል። ላሟ በጠቅላላው የምታወጣው ጋዝ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ ለአንድ ሊትር የሚደርሰው ግን ይወርዳል።

ፋጉሎ ለተወደደበት ሰው ሌላ ዘዴ አለ። 100 ኪሎ ጭድ ወስደው 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ ያሟሙ፤ እየረጩ ያደባልቁ፤ በላስቲክ ጠቅልለው አየር እንዳይገባው አድርገው ለ21 ቀን ይተዉት። ሲከፍቱት ዐይን የሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታ ይወጣል፤ ጭዱም ጠቆር ብሎ ለስልሶ ያገኙታል። ሽታው እስኪወጣ አናፍሰው ላሞቹን በጥቂት በጥቂቱ ያስለምዷቸው። ዩሪያን በውኃ ገንዳ መበጥበጥ፣ ሳይመጥኑ ማብላት ወይም ለትንንሽ ጥጆች መስጠት ይገድላል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክሩ የቀበሌዎ የእንስሳት ባለሙያ ባለበት ይሁን።

ያውቁ ኖሯል? በዚህ አካባቢ ማሳ መካከል የቆመው፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ገርቢ የሚለው ግራር ከሌላው ዛፍ የተለየ ጠባይ አለው። በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፤ በበጋ ይለመልማል፣ ያፈራልም። ሌላው ሁሉ በደረቀበት ወር ፍሬው ከሥሩ ይረግፋል፤ ፍየልና ላም ይሻሙበታል። ፕሮቲን አለው። ዘሩ ግን ሳይፈጭ ስለሚያልፍ ከነቆባው ከስክሶ መስጠት ይበልጣል። በብዙ የግራር ዓይነቶች ቅጠልና ፍሬ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ደግሞ በጨጓራ ውስጥ የሚቴኑን መጠን እንደሚቀንስ ሙከራዎች አሳይተዋል። ይህን ግራር ለከሰል የሚቆርጥ ሰው የበጋ መኖውን ነው የሚቆርጠው።

ከመኖ ቀጥሎ ዝርያ ነው። የውጭ ዝርያ ላም ወደ አገራችን በብዛት የመጣችው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ላሞችን ሰጠ፤ እርሻቸውም አዲስ አበባ ሾላ ላይ ተቋቋመ። ሾላ የሚለው የወተት ስም ከዚያ የመጣ ነው።

ዛሬ ድቅል ለማግኘት ላም ማስመጣት አያስፈልግም። አዳቃይ ቴክኒሻኑ በሞተር ሳይክል ይዞት የሚመጣው ጋን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የቀዘቀዘ ነው፤ የኮርማው አባላዘር በዚያ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ችግሩ ጊዜው ነው። የላም የፍላጎት ሰዓት አጭር ናት፤ ጠዋት ያየ ገበሬ ቴክኒሻኑን እስከ ማታ ካላገኘ ዕድሉ ሊያልፍ ይችላል። ያለፈች እያንዳንዷ ዙር ደግሞ ሦስት ሳምንት ያለ ወተት መቀለብ ማለት ናት።

ለስምጥ ሸለቆ ግን የፈረንጅ ደም መብዛት የለበትም። ፍሪዥያን የብርድ አገር ላም ናት። በቆቃና በአዳማ ሙቀት ታለከልካለች፣ መብላት ታቆማለች፣ ወተቷ ይወርዳል። ከቦረና ወይም ከአርሲ ላም ጋር ግማሽ በግማሽ የተዳቀለችው ሙቀቱንም መዥገሩንም ትችላለች፤ ጥላና ውኃ ካገኘች ከሐበሻዋ ብዙ እጥፍ ትታለባለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ሦስት ደካማ ላሞችን አቆይቶ አራተኛ ድቅል ጨምሮ ማሠር ጋዝ አይቀንስም፣ ይጨምራል። ለውጡ የሚመጣው የነጠፈችውና መሲና የሆነችው ተሸጣ መኖዋ ለጥገቷ ሲዞር ነው። ለዘመናት የከብት ብዛት ክብር በሆነበት አገር ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ግን ሦስቱ ላሞች ተደምረው ከአምስት ሊትር የማይዘሉ ከሆነ አንዲት በደንብ የተያዘች ድቅል ከሦስቱ በላይ ትታለባለች።

የቆቃ ሐይቅ ራሱስ? ግድቡ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀ፣ 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ነው። ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚበሰብስ ተክል ልክ እንደ ጨጓራው አየር በሌለበት ስለሚፈርስ ሚቴን ያወጣል፤ ሰው ሠራሽ ሐይቆች ሁሉ በተለያየ መጠን ይህ አለባቸው። እንዲህ ውኃ ውስጥ የሚበሰብሰው እምቦጭ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታወቀውም ጣና ላይ አልነበረም፤ እዚሁ ቆቃና አዋሽ ላይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1965።

ያውቁ ኖሯል? እበት ሜዳ ላይ ተበትኖ ከደረቀ የሚያወጣው ሚቴን ጥቂት ነው። ብዙ የሚያወጣው ከሽንትና ከውኃ ጋር ተደባልቆ ጉድጓድ ውስጥ ሲከማች ነው። ስለዚህ በረቶች ሲዘምኑ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ እበቱ በውኃ እየታጠበ ወደ ጉድጓድ ሲለቀቅ፣ አዲስ የጋዝ ምንጭ ይፈጠራል። ይህን ቀድሞ ማሰብ ይገባል።

መልሱ ባዮጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከኔፓል የመጣውን የማብላያ ንድፍ ለአገራችን አስተካክሎ ስንዱ የሚል ስም ሰጠው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ እበትና ውኃ እኩል በኩል ተበጥብጦ ከመሬት በታች ወዳለው ጉልላት ይገባል፤ የሚወጣው ጋዝ 60 በመቶ ያህሉ ሚቴን ነው፤ በቱቦ ወደ ማድቤት ይሄድና ወጥ ይሠራበታል፣ መብራት ይሆናል። ሲነድድ ሚቴንነቱ ይቀራል። የሚተርፈው ጥቁር ቅሪት ደግሞ ለሽንኩርት ማሳ ከፍግ ይበልጣል። እናቶች ለዓመታት ያነሱት ቅሬታ አንድ ነው፦ ለምጣድ አይበቃም። እንጀራ ሰፊና እኩል እሳት ይፈልጋል። የባዮጋዝ ምጣድ ላይ የሚደረገው ሥራ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ቢጠናቀቅ እወዳለሁ፤ ኩበትና እንጨት የሚበላው የእንጀራው ምድጃ ነውና።

ጾምም በሒሳቡ ውስጥ አለ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ላሟ በነዚህ ቀናትም ትበላለች፣ ትታለባለች። ወተቱ ገዢ አጥቶ ከተበላሸ የተለቀቀው ጋዝ ሁሉ በከንቱ ሆነ ማለት ነው። እናቶቻችን ወተቱን ንጠው ቅቤ ማድረጋቸው፣ አጓቱን ከአይብ ለይተው ለጥጃ መስጠታቸው ብክነትን የሚከላከል ትልቅ ጥበብ ነው። ከተማ ያለው ወተት አቅራቢ ግን ማቀዝቀዣና ወተቱን ወደ አይብና ቅቤ የሚቀይርለት ማኅበር ያስፈልገዋል።

ሕመምም እንዲሁ። የግት ቁስለት ገና በዐይን ሳይታይ ወተት ይቀንሳል፤ አፍተግር የያዛት ላም ለሳምንታት ትነጥፋለች። መብላቷና ማግሳቷ ግን አይቀርም።

ሌላው ዓለም ምን እያደረገ ነው? ከጋዟ ግማሽ ያህሉ ከእርሻ የሚመጣው ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 በከብት ጋዝ ላይ ክፍያ ለመጣል አስባ ገበሬው ትራክተር ይዞ ፓርላማ ደጅ ድረስ ሄዶ አስቀርቶታል። ዴንማርክ በ2024 ከስምምነት ደርሳ ከ2030 ጀምሮ ለማስከፈል ወስናለች። በጨጓራ ውስጥ ሚቴን የሚሠራውን ሒደት የሚያግድ ቦቫየር የተባለ ዱቄት በአውሮፓ ተፈቅዶ በወተት ላሞች ላይ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ አንድ ዓይነት ቀይ የባሕር አረም ደግሞ በሙከራ እስከ 80 በመቶ የቀነሰበት ጊዜ አለ። እነዚህ ሁሉ በየቀኑ በተመጠነ መኖ ውስጥ የሚደባለቁ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ለምትውል ላም ገና አይመቹም። ለእኛ የሚቀርበው ጭዱና ፋጉሎው ነው።

የመጨረሻውና ርካሹ መፍትሔ ይኸው። ወተት ወደ 87 በመቶ ውኃ ነው። የምትታለብ ላም ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት ከሦስት እስከ አራት ሊትር ውኃ ትፈልጋለች። በሐይቁ ዳር ባለችው ቆቃ እንኳ በቀን አንዴ ብቻ ተነድታ ጠጥታ የምትመለስ ላም ጥቂት አይደለችም። መንገዱ ጉልበቷን ይበላል፤ ጥሟ ወተቷን ይቀንሳል፤ ጋዟ ግን ባለበት ይቀጥላል። እናም ላም ያለዎት አንባቢ፣ ዛሬ ማታ ከመተኛትዎ በፊት የበረቱን ገንዳ ውኃ ይሙሉት፤ ከነገ ጀምሮ ለአንድ ሳምንት የምትሰጠውን ወተት በሊትር እየለኩ ይጻፉት።